የደም ግፊትን ቤት ውስጥ በትክክል መለካት፦ ከማሽኑ ግዢ እስከ ደብተሩ

«ማሽኑ ተበላሽቷል መሰለኝ። አሁን 150 አለኝ፣ ወዲያው ስደግመው 138 አለ። የትኛውን ልመን?»

ጅማ ውስጥ ነርስ መሆኔን የሚያውቅ ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። ልጆች ለእናት ለአባታቸው ማሽን ገዝተው ይልካሉ፤ አጠቃቀሙን ቁጭ ብሎ የሚያሳያቸው ግን የለም። አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ ምንም አልሆነም፣ ቁጥሩን የሚያዛባው የተለካበት መንገድ ነው። ስለዚህ ለሁላችሁም አንድ ላይ ልጻፈው። መመሪያው በባትሪ ወይም በመብራት ለሚሠራው፣ ክንድ ላይ ለሚጠቀለለው አውቶማቲክ ማሽን ነው።

በመጀመሪያ ቁጥሮቹ ምን እንደሆኑ

ይህችን ክፍል አትዝለሏት። የደም ዝውውሩን ከተረዳችሁ ከታች ያሉትን ደረጃዎች መሸምደድ አያስፈልጋችሁም።

የልባችን ቀኝ ክፍል ከሰውነት የተመለሰውን ደም ወደ ሳንባ ይልካል። ደሙ እዚያ ኦክስጅን ይይዝና ወደ ግራው ክፍል ይመጣል። ግራው ክፍል ደግሞ ደም ቅዳ በሚባሉት የደም ሥሮች ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር ያሰራጨዋል። ኦክስጅኑን ያደረሰው ደም በደም መልስ በኩል ወደ ቀኙ ክፍል ይመለሳል። አንድ አዋቂ ሰው 5 ሊትር ገደማ ደም አለው፤ ዐርፎ ቁጭ ባለበት እንኳ ልቡ በደቂቃ ያንኑ 5 ሊትር ያህል ያዞራል።

ደሙ ሲያልፍ የደም ቅዳውን ግድግዳ ይገፋል። ግፊት የምንለው ይህንን ነው። ልብ ሲጨመቅ ግፊቱ ከፍ ይላል፣ የላይኛው ቁጥር እሱ ነው። ልብ ላላ ብሎ በደም ሲሞላ ግፊቱ ዝቅ ይላል፣ የታችኛው ቁጥር እሱ ነው። 120 በ80 የምንለው እነዚህን ሁለቱን ነው። ማሽኑ ላይ ሦስተኛ ሆኖ የሚመጣው ደግሞ በደቂቃ ስንት ጊዜ ልባችሁ እንደመታ ነው።

ግፊት እንደ ቁመት አንድ ቦታ ቆሞ አይጠብቅም። ስንናደድ፣ ስናወራ፣ ሽንት ሲይዘን፣ ሲበርደን ይጨምራል፤ ስንተኛ ይቀንሳል። ስለዚህ 150ውም 138ቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። እኛ የምንፈልገው ሰውነታችሁ ዐርፎ ባለበት፣ በተመሳሳይ ሁኔታ፣ ደጋግሞ የተወሰደ ቁጥር ነው።

ማሽኑ የሚያደርገውንም እወቁት። ክንድ ላይ የሚጠቀለለውን ጨርቅ (ካፍ ነው የሚባለው) በአየር ይሞላና ውስጥ ያለውን ደም ቅዳ ይጫነዋል። ደሙ ለአፍታ ይቆማል። ከዚያ አየሩን ቀስ እያደረገ ይለቃል። ደሙ እየተጋፋ ማለፍ ሲጀምር የደም ቅዳው ግድግዳ ይርገበገባል፣ ማሽኑ የሚያነበው ያንን መርገብገብ ነው። ጡንቻችሁ ከተንቀሳቀሰ፣ እጃችሁን ከጨበጣችሁ፣ ከሳላችሁ፣ ማሽኑ የደሙን መርገብገብ ከእናንተ እንቅስቃሴ መለየት ያቅተዋል። ታክሲ ወይም ባጃጅ ውስጥ የማይለካውም ለዚህ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የላይኛው ክንድ ላይ የሚጠቀለል ማሽን። የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው በቀላሉ ይሳሳታል፣ ምርጫ ካላችሁ አትግዙት።
- ለክንዳችሁ ልክ የሆነ ካፍ
- የልብስ ሰፊ ሜትር
- መደገፊያ ያለው ወንበርና ጠረጴዛ
- ትራስ ወይም የታጠፈ ጋቢ
- ሰዓት፣ ደብተርና እስክሪብቶ
- ትርፍ ባትሪ ድንጋይ። መብራት ሲጠፋ የልኬቱ ሰዓት እንዳያልፋችሁ ነው፤ ባትሪው ሲደክምም ማሽኑ መሐል ላይ ያቋርጣል።

ደረጃ 1፦ ክንዳችሁን ለኩ

ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት ማለቴ ነው። ከትከሻ ጫፍ እስከ ክርን ያለውን እኩሌታ ፈልጉና እዚያ ላይ ዙሪያውን በሜትር ለኩ። ብዙዎቹ ማሽኖች አብሯቸው የሚመጣው ካፍ ከ22 እስከ 32 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ክንድ ነው። ክንዳችሁ 35 ከሆነ ትልቁን ካፍ ጠይቁ። ልኩ ካፉ ላይ ወይም ካርቶኑ ላይ ተጽፎ ይገኛል፣ ፋርማሲው አውጥቶ ያሳያችሁ።

ለምን? ጠባብ ካፍ ወፍራም ክንድ ላይ ሲጠቀለል ደም ቅዳውን ለመዝጋት ከልክ በላይ አየር ይፈልጋል፤ ቁጥሩም ከእውነቱ በላይ ይወጣል። ሰፊ ካፍ ቀጭን ክንድ ላይ ሲሆን ደግሞ ቁጥሩ ያንሳል። ግፊት የሌለበት ሰው «አለብህ» የሚባልበት አንዱ መንገድ ይህ ነው፣ እኔን በጣም የሚያሳስበኝም ይሄው ነው።

ደረጃ 2፦ ማሽኑን አስተያዩት

አዲስ ማሽን ስትገዙ፣ ከዚያም በየዓመቱ አንዴ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ይዛችሁት ሂዱ። እነሱ ይለኳችሁ፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ቆዩና በዚያው ክንድ በራሳችሁ ማሽን ለኩ። ሁለት ሦስት ጊዜ አፈራርቁት። ጥቂት ልዩነት ያለ ነው። የላይኛው ቁጥር በየጊዜው ከ10 በላይ የሚራራቅ ከሆነ ግን ማሽኑን አትመኑት።

ደረጃ 3፦ ሰዓቱን ወስኑ

በቀን ሁለቴ ነው፤ ጠዋትና ማታ። ጠዋት ከእንቅልፍ በተነሳችሁ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ሽንት ቤት ገብታችሁ፣ ቁርስ ሳትበሉ፣ ቡና ሳትቀምሱ፣ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነም ሳትውጡት። ማታ ደግሞ ከራት በፊት፣ ለምሳሌ 1 ሰዓት ላይ። መድኃኒቱ ሳይዋጥ መለካቱ ትላንት የወሰዳችሁት እስከ ጠዋት መያዝ አለመያዙን ስለሚያሳይ ሐኪማችሁ በጣም ይፈልገዋል።

አሁን ወደ ቡናው። ጅማ ተቀምጦ ቡና አትጠጡ የሚል ሰው የለም፣ እኔም አልልም። ቡና ግን ግፊትን ለጊዜው ከፍ ያደርጋል። ከመጨረሻው ስኒ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይለፍ። ይበልጥ የሚሻለው ቡናው ሳይፈላ መለካት ነው፤ ምክንያቱም አቦል ላይ ሆናችሁ «ቶናው እስኪደርስ ልለካ» ካላችሁ የለካችሁት ቡናውን ነው። ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ጨዋታው ደርቶ፣ ማሽኑ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ የሚለካውም እንዲሁ ነው፤ ከዚያ የወጣ ቁጥር ደብተር ላይ አይጻፍ። ቡናችሁን በጨው የምትጠጡ ካላችሁ ይህንንም ለሐኪም ንገሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው ጨው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም፤ የወጡም የሚጥሚጣውም ጨው እዚያው ውስጥ ይቆጠራል።

ጫትም እንደዚያው። ጫት ውስጥ ያለው አነቃቂ ንጥረ ነገር የልብ ምትንም ግፊትንም ይጨምራል፤ ለሰዓታትም ይቆያል። ቅመው ሲያበቁ ማታ ላይ የሚለኩ ሰዎች ከጠዋቱ በጣም የተለየ ቁጥር ያገኙና ይደነግጣሉ። የቃማችሁበትን ቀን ደብተሩ ላይ በግልጽ ጻፉት፣ አትደብቁ። ሐኪሙ ሊቆጣችሁ ሳይሆን ቁጥሩን ሊረዳ ነው የሚፈልገው። ሲጋራና ከባድ ሥራም ቢያንስ የ30 ደቂቃ ርቀት ይፈልጋሉ። ከአዌቱ ወንዝ ዳር ወደ ቤት ዳገቱን ወጥታችሁ እንደገባችሁ አትለኩ።

ደረጃ 4፦ 5 ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ

በሰው ዘንድ በብዛት የሚዘለለው ደረጃ ይህ ነው። ስልክ አስቀምጡ፣ ቴሌቪዥን አጥፉ፣ ሰዓት ተመልክታችሁ 5 ደቂቃ ዕረፉ። ስትንቀሳቀሱ ጡንቻዎቻችሁ ብዙ ደም ይጠይቃሉ፣ ልብ በፍጥነት ይመታል፤ ወደ ነበረበት እስኪመለስ ጊዜ ያስፈልገዋል። ዝናብ ጥሎ ቤቱ ከቀዘቀዘም አንድ ነገር ደረብ አድርጉ፤ ብርድ የቆዳን ደም ሥሮች ስለሚያጠብ ግፊት ይጨምራል። ሽንት ከያዛችሁ መጀመሪያ ሂዱና ተመለሱ።

ደረጃ 5፦ አቀማመጥ

በርጩማ ለዚህ አይሆንም። ጀርባችሁ ካልተደገፈ የጀርባና የሆድ ጡንቻዎች እናንተን ቀጥ አድርገው ለመያዝ ይሠራሉ፣ ግፊቱም ይጨምራል። መደገፊያ ያለው ወንበር ላይ ጀርባችሁን ጥላችሁ ተቀመጡ። ሁለቱም እግሮች መሬት ይንኩ። እግር በእግር ላይ አታነባብሩ፤ የእግር ደም ሥሮች ሲጨመቁ ደሙ ወደ ላይ ስለሚገፋ ብቻውን የላይኛውን ቁጥር ከ2 እስከ 8 ሊጨምረው ይችላል።

ደረጃ 6፦ ክንዱ በልብ ልክ ይሁን

ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ሮቶ ከፍ ባለ ቁጥር ታች ያለው ቧንቧ ኃይል እንደሚጨምር ታውቃላችሁ። ደምም ፈሳሽ ነው፣ ክብደት አለው። ክንዳችሁ ከልባችሁ በታች ከተንጠለጠለ የዚያ ሁሉ ደም ክብደት ቁጥሩ ላይ ይደመራል፤ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ቢል 7 ወይም 8 ያህል ይጨምራል። ከልብ በላይ ከሆነ ደግሞ በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ስለዚህ ክንዳችሁን ጠረጴዛ ላይ አሳርፉና የካፉ መካከል ከደረታችሁ መሐል ጋር እኩል እስኪሆን ከሥሩ ትራስ ወይም ጋቢ አጣጥፋችሁ አድርጉ። ክንዱ ይደገፍ እንጂ እናንተ አትያዙት። መዳፍ ወደ ላይ ተዘርግቶ፣ ጣቶች ላላ ብለው ይሁኑ።

የትኛው ክንድ? መጀመሪያ ቀን ሁለቱንም ለኩ። ከፍ ያለ ቁጥር የሚሰጠውን ምረጡና ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ እሱን ብቻ ተጠቀሙ። በሁለቱ መካከል ሁልጊዜ ከ10 በላይ ልዩነት ካለ ለሐኪም ይነገር፤ ወደ አንዱ ክንድ የሚሄደው ደም ቅዳ ጠቦ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 7፦ ካፉን እሰሩ

ባዶ ክንድ ላይ ነው የሚታሰረው። ሹራብ ላይ አይሆንም። የሸሚዝ እጅጌ ሰብስባችሁ ክንዳችሁን የሚያንቅ ከሆነ ደግሞ አውልቁት፤ የተጠቀለለው እጅጌ ራሱ ደም ሥሩን ይጫናል።

የካፉ የታችኛው ጫፍ ከክርን መታጠፊያ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ቱቦው ወይም ካፉ ላይ ያለው ምልክት በክንዱ የውስጥ በኩል ይሁን፣ ደም ቅዳው የሚያልፈው እዚያ ነው። ጥብቀቱን በጣት ፈትሹ፦ ሁለት ጣት ከሥሩ መግባት አለበት። እጅ ሙሉ የሚገባ ከሆነ ላልቷል፣ አንድ ጣት እንኳ እንቢ ካለ ጠብቋል።

ብቻቸውን የሚለኩ አረጋውያን በአንድ እጅ ማሰሩ ይቸግራቸዋል። አንዲት የማውቃቸው እናት የሚያደርጉትን ልንገራችሁ። ካፉን ጠረጴዛው ላይ ቀድመው እንደ ቀለበት ያዞሩታል፣ እጃቸውን ያሾልካሉ፣ ወደ ላይ ይስቡታል፣ ከዚያ የሚጣበቀውን ጫፍ በሌላው እጅ ጎትተው ይለጥፉታል። ቱቦው ወዴት መዞር እንዳለበት እንዳይጠፋቸው ልጃቸው ካፉ ላይ በቀይ ክር ምልክት ሰፍታላቸዋለች። ለወላጆቻችሁ ይህንኑ አድርጉላቸው።

ደረጃ 8፦ ቁልፉን ተጫኑና ዝም በሉ

ካፉ ሲነፋ ያጨንቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ነው። አታውሩ፣ አትሳቁ፣ ቁጥሩ ሲወጣ ሲወርድ አትከታተሉ። ወሬ ብቻውን ቁጥሩን በ10 ያህል ሊጨምረው ይችላል። እናታችሁን የምትለኩ ከሆነም «እማዬ አመመሽ እንዴ?» ብላችሁ አትጠይቋቸው፣ መልስ ይሰጧችኋልና።

ደረጃ 9፦ አንድ ደቂቃ ቆይታችሁ ድገሙ

ካፉን ሳትፈቱ፣ ከወንበሩ ሳትነሱ። የመጀመሪያው ልኬት ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል፤ ሰውነት ካፉ ሲጨምቀው ትንሽ ይደነግጣል። ሁለቱንም ጻፉ። ደስ ያላችሁን ቁጥር መርጣችሁ መጻፍ የለም። «ጥሩ ቁጥር እስኪመጣ» እያሉ ስድስት ሰባት ጊዜ መደጋገምም ጭንቀት ይጨምራል እንጂ አይጠቅምም።

ደረጃ 10፦ ሰባት ቀን ጻፉ፣ አማካዩን አውጡ

ደብተሩ ላይ ቀን፣ ሰዓት፣ የላይኛው፣ የታችኛው፣ የልብ ምት፣ ከዚያ የተለየ ነገር ካለ አንድ መስመር፦ «እንቅልፍ አልነበረኝም»፣ «ጾም»፣ «መድኃኒት ረሳሁ»፣ «ለቅሶ ቤት ውዬ ነው»።

በሰባት ቀን 28 ልኬት ይሆናል። የመጀመሪያውን ቀን አራት ልኬቶች ተዉአቸው፣ ለመልመጃ ናቸው። የቀሩትን 24 የላይኛ ቁጥሮች ደምራችሁ ለ24 አካፍሉ፣ የታችኞቹንም እንዲሁ። አሠራሩን በአንድ ቀን ላሳይ፦ 146 በ90፣ 140 በ88፣ 138 በ86፣ 136 በ84 ቢወጣ፣ የላይኞቹ ድምር 560 ነው፣ ለ4 ሲካፈል 140። የታችኞቹ 348፣ ለ4 ሲካፈል 87። አማካዩ 140 በ87 ሆነ ማለት ነው። ማካፈሉ ከከበዳችሁ ተዉት፣ ደብተሩን ብቻ በሥርዓት ያዙ፣ ሐኪሙ ያወጣዋል።

በየቀኑ ዕድሜ ልክ መለካት የለባችሁም። ከቀጠሮ በፊት ያለውን ሳምንት፣ ወይም መድኃኒት ከተቀየረ በኋላ ሐኪሙ ባላችሁ ጊዜ ይበቃል።

ቁጥሩን ማንበብ

ቤት ውስጥ የተለካው አማካይ 135 በ85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ከሁለቱ አንዱ ብቻ እንኳ ቢያልፍ፣ ከፍ ያለ ነውና ወደ ሐኪም ሂዱ። ክሊኒክ ውስጥ መነሻው 140 በ90 ነው፤ ብዙ ሰው ነጭ ጋዋን ሲያይ ግፊቱ ስለሚጨምር ነው ሁለቱ የተለያዩት። የስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ካለባችሁ ሐኪማችሁ የራሳችሁን ልክ ይነግራችኋል።

90 በ60 አካባቢ ሆኖ ምንም የማይሰማችሁ ከሆነ አያስጨንቅም። ራስ የሚያዞር፣ ዓይን የሚያጨልም ከሆነ ግን ታዩ። ስትነሱ የሚያዞራችሁ ከሆነ ተቀምጣችሁ ለኩ፣ ከዚያ ቆማችሁ ከአንድ ደቂቃ በኋላና ከሦስት ደቂቃ በኋላ ለኩ፣ የምትደገፉበት ሰው አጠገባችሁ ይሁን። የላይኛው በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ጽፋችሁ ለሐኪም አሳዩ።

እረፍት ላይ የልብ ምት በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ነው። ማሽኑ የተዛባ ምት ምልክት እየደጋገመ ካሳያችሁ በእጃችሁ ቁጠሩት፦ ሁለት ጣት፣ በአውራ ጣት በኩል ያለው የእጅ አንጓ ላይ፣ አንድ ሙሉ ደቂቃ። በአውራ ጣት አትቁጠሩ፣ የራሱ ምት አለውና ያሳስታችኋል። ምቱ ወጥ ካልሆነ ልብ ይታይ።

ማስጠንቀቂያ

- 180 በ120 ወይም ከዚያ በላይ ከወጣ 5 ደቂቃ ዕረፉና ድገሙት። አብሮት የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የዓይን ብዥታ፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የፊት መጣመም፣ የአንድ ጎን መዛል፣ የንግግር መተሳሰር ወይም መዘባረቅ ካለ ግን ለመድገም አትቆዩ፣ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ጅማ ውስጥ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከልም የሸነን ጊቤ ሆስፒታልም አሉላችሁ። ምንም ምልክት ሳይኖር ቁጥሩ ከፍ እንዳለ ከቀጠለ በዚያው ቀን ታዩ።
- በድንጋጤ ሁለት ኪኒን አትዋጡ፣ የጎረቤት መድኃኒትም አትውሰዱ። ግፊቱ በአንዴ ከወደቀ ወደ አንጎልና ወደ ልብ የሚደርሰው ደም ያንሳል።
- ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ቀጠሮ አይጠበቅበትም። በዚያው ቀን ጤና ተቋም።
- ለኩላሊት እጥበት የተሠራ መስመር ያለበት ክንድ፣ ወይም በጡት ቀዶ ሕክምና የብብት ዕጢ በወጣበት በኩል ያለ ክንድ ላይ ካፍ አይታሰርም።
- ረመዳንም ሆነ ሁዳዴ ስትጾሙ የመድኃኒቱን ሰዓት ራሳችሁ አታዛውሩ። ጾሙ ሳይገባ ሐኪሙን አማክሩ፣ ከሱሁርና ከኢፍጣር ጋር የሚሄድ አወሳሰድ ያወጣላችኋል።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ቁጥሩ ጥሩ ሲሆን መድኃኒት ማቆም። ይህ ከሁሉም የከፋው ነው። ቁጥሩ የተስተካከለው መድኃኒቱ እየሠራ ስለሆነ ነው፤ ስታቆሙት ይመለሳል፣ ሲመለስ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይሰማችሁም። በነጭ ሽንኩርት ወይም በሽፈራው መተካትም ያው ማቆም ነው።

ራስ ምታት ሲኖር ብቻ መለካት። ከፍተኛ ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳይሰማ ነው ልብን፣ ኩላሊትንና አንጎልን የሚጎዳው።

ደም ማነስን በዚህ ማሽን መፈለግ። ማሽኑ ደሙ የሚገፋበትን ኃይል እንጂ ደሙ ውስጥ ያለውን አይነግራችሁም። ድካምና መገርጣት ካለ የደም ምርመራ ነው የሚያስፈልገው፤ ግፊቱ 120 በ80 ሆኖ ደም ያነሰው ሰው ብዙ ነው።

ለቤተሰቡ ሁሉ አንድ ካፍ። የአባት ክንድ 36፣ የልጅቱ 23 ከሆነ ለአንዳቸው የሚወጣው ቁጥር ልክ አይደለም። ማሽኑ የተለያየ ካፍ የሚቀበል ከሆነ ሁለተኛ ካፍ ብቻ መግዛት ይበቃል።

ወደ ቀጠሮ ባዶ እጅ መሄድ። ደብተሩን ያዙ፣ ማሽኑንም ከነካፉ ያዙ፣ ደብተሩ ቢጠፋ እንኳ እንዲኖር ገጹን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።